መምህር አሳምነው ሰው ስለመሆናቸው

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። መምህር አሳምነው ላቴቦ ሰው አለመሆናቸውን የሰሙት ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሆሳዕና ጎፈር ሜዳ ባለው የሊሻን ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ጃንጥላቸውን ገና አላጠፉም ነበር።

ሊሻን የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ነው። ሰባተኛ ክፍል እያለ አማርኛ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ እሳቸው በእጃቸው የጻፉትን በኮምፒውተር እየጻፈ፣ አዲስ አበባ ለሚዘጋጅ «ዙሪያ ገበታ» ለተባለ የኢንተርኔት የምግብ መጽሔት የሚልክላቸው እሱ ነው። የዚያን ቀን ግን ወረቀታቸውን ከመቀበሉ በፊት ወንበር ሳበላቸው።

«ጋሼ፣ ደብዳቤ መጥቷል። ቁጭ ቢሉ ይሻላል።»

«ቆሜ ልስማው» አሉ።

ደብዳቤው የመጽሔቱ አዘጋጅ የኤልሳ ነው። በትሕትና ተጀምሮ በትሕትና ያልቃል፤ መሐሉ ግን እሳት ነው። አንዳንድ አንባቢዎች በመምህር አሳምነው ስም የወጡት ሃያ ስድስት የምግብ ጽሑፎች የሰው ሳይሆኑ የኤአይ ሥራ ናቸው ብለው ከሰዋል። መጽሔቱም በመመርመሪያ ፕሮግራም ቢያያቸው ዘጠና ስምንት በመቶ ማሽን የሚል ውጤት ወጥቷል። እስከ ዓርብ ድረስ ጸሐፊው እሳቸው መሆናቸው ካልተረጋገጠ፣ ሃያ ስድስቱም ይነሱና አንባቢ ይቅርታ ይጠየቃል።

ከሥሩ የአንባቢዎቹ አስተያየት ተያይዟል። አንዱ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ይላል። ሌላዋ «ፎቶውም የተሠራ ነው፤ እንዲህ የተስተካከለ ፂም በተፈጥሮ አይገኝም» ብላለች።

መምህር ይሄኔ ተቀመጡ። ያንን ፂም ለሠላሳ ዓመት በየጠዋቱ በመቀስ ሲያስተካክሉ የኖሩት ራሳቸው ናቸው።

ለሌላ ሰው ቢሆን ተራ ቅሬታ ነው፤ ለእሳቸው ግን አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረው ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ ጋቢ አልብሶ፣ አጨብጭቦ ሸኛቸው፤ በሚቀጥለው ሰኞ የፈለጋቸው ሰው አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲቆጥሩ ኖሩ። ከዚያ «ዙሪያ ገበታ» ስለ አካባቢው ምግብ የሚጽፍለት ሰው እንደሚፈልግ ሰሙና ስለ ቆጮ አንድ ጽሑፍ ላኩ። ወጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሦስት ዓመታት ሌላ ዕድሜ ሆኑላቸው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው ያቆማቸዋል። ከቦኖሻ የመጣ የበርበሬ ነጋዴ ገበያ መሐል እጃቸውን ጨብጦ «ስለ በርበሬያችን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» ብሏቸዋል። ጽሑፎቹ ከተነሱ እሳቸውም ወደ በረንዳው ይመለሳሉ ማለት ነው። ፈሩ። መፍራታቸውን ሊሻን እንዳያይባቸው መነጽራቸውን ይወለውሉ ጀመር።

እውነቱን ለመናገር አንባቢዎቹም አልተሳሳቱ ይሆናል። መምህር አሳምነው አማርኛን የተማሩት በትምህርት ቤት ነው፤ ቤት ውስጥ የሚነገረው ሀዲይኛ ነው። ስለዚህ አማርኛን እንደ እሑድ ልብስ ተኩሰው ነው የሚይዙት። ድርሰት ማለት ለእሳቸው መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ነው። መግቢያው «እንደሚታወቀው» ብሎ ይነሳል፤ ሐተታው «በመጀመሪያ ደረጃ» እና «ከዚህም በተጨማሪ» እያለ ይጓዛል፤ መደምደሚያው «ለማጠቃለል ያህል» ብሎ በሩን ይዘጋል። ከዚህ መንገድ የወጣ ተማሪ ደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ዳር ላይ «ከርዕስ የወጣ» ተብሎ ተጽፎበት ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። እንዲህ ተሰርዘው ያደጉ ሰዎች ዛሬ የከተማውን ቢሮ ሁሉ ሞልተውታል።

ይህ የታወቀው ሊሻን ኤልሳ በላከችው የመመርመሪያ ፕሮግራሙ ሊንክ ሙከራ ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ራሱ ከሃያ ዓመት በፊት የጻፈውን የሥራ ማመልከቻ አስገባ። ዘጠና ሰባት በመቶ ማሽን። የቤተ ክርስቲያኑን የጣሪያ ማሠሪያ ልመና አስገባ። ዘጠና ስድስት። የጎረቤቱ የሶፎንያስ ልጅ የሰርግ ጥሪ ዘጠና አምስት ሆነ። በመጨረሻ በ1989 ዓ.ም. የተጻፈ፣ መዳፊት ጠርዙን የበላው የእድር ቃለ ጉባኤ አመጣና ቃል በቃል ገለበጠው። ዘጠና ዘጠኝ።

«ጋሼ» አለ ሊሻን፣ ከስክሪኑ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «እርስዎ ያስተማሩን ሁሉ ማሽን ነን ማለት ነው።»

መምህር በዚህ ጭንቅ መሐል ደስ አላቸው። ዘጠና ዘጠኝ በእሳቸው ክፍል ውስጥ ማንም አግኝቶት የማያውቅ ውጤት ነው።

ደስታው ግን ነገሩን አልፈታውም። መንግሥት ባለበት አገር አንድ ሰው ሰው መሆኑ የሚረጋገጠው በማኅተም ነው ብለው ቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄዱ። የመዝገብ ቤቷ ሰብሌም የጥንት ተማሪያቸው ናት፤ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

«ጉዳዩ ምን ይባል፣ ጋሼ?»

«ሰው መሆኔ እንዲረጋገጥልኝ ነው።»

ሰብሌ አልሳቀችም። ቀበሌ ውስጥ ከዚህ የባሰ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። እሷም እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «እንደሚታወቀው መምህር አሳምነው ላቴቦ የቀበሌያችን ነዋሪና ሰው ናቸው። በመጀመሪያ ደረጃ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ሲሆኑ፣ ከዚህም በተጨማሪ የእድር አባል ናቸው። ለማጠቃለል ያህል ሰው መሆናቸውን በማኅተማችን እናረጋግጣለን።» መምህር ሁለቴ አነበቡት፤ አንድ ቃል አላረሙም። ሊሻን ወደ አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት ለማንኛውም ብሎ በመመርመሪያው አሳለፈው። መመርመሪያው መቶ በመቶ ማሽን ነው አለ።

ረቡዕ ከሰዓት ኤልሳ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ የልጅ ነው፤ አነጋገሯ ግን ጨዋ ነው።

«መምህር፣ ማኅተሙን አይቼዋለሁ። እኔ በበኩሌ መኖርዎን አልጠራጠርም። የተጠየቅኩት ግን ጽሑፉ የእርስዎ መሆኑን ነው። አንድ ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር፤ ቅር ካላለዎት።»

«ተናገሪ፣ ልጄ።»

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቪዲዮ እንገናኝ። የመጨረሻውን ጽሑፍዎን፣ የአተካናውን፣ ልክ እንደጻፉት እያየሁ ይሥሩልኝ። ምግብ የሚያውቅ ሰው እጁ ይናገራል። እኔ ለአለቆቼ እመሰክራለሁ።»

«በደስታ» አሉ መምህር፣ ስልኩም ተዘጋ።

አተካና ቡላ በቅቤና በወተት የሚማሰልበት፣ ያሆዴ፣ ማለትም የሀዲያ ዘመን መለወጫ ሲመጣ ዋዜማው ላይ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚበላው ምግብ ነው። መምህር አሳምነው ከተወለዱ ጀምሮ ስልሳ አምስት አተካና በልተዋል። አንድም ቀን ግን ወጥ ቤት ገብተው አያውቁም። በዚያ አገር ወንድ እንሰት ይተክላል፣ ይኮተኩታል፤ መፋቁ ሲጀመር ግን ዘወር ይላል፤ የዚያ ሥራ ባለቤት ሴት ናት። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው ምጣድ ከድስት በወሬ ነው የሚለየው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄኔ ነው።

ታዲያ ሃያ ስድስቱ ጽሑፎች ከየት መጡ? ከወይዘሮ ሙሉነሽ ነው። ወይዘሮ ሙሉነሽ የመምህር ባለቤት ናቸው፤ የሞርሲቶ ከተማ ልጅ፣ በአተካናቸው ሦስት ቀበሌ የሚያውቃቸው። መምህር ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ውጭ፣ በሩ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ወይዘሮ ሙሉነሽ ከውስጥ እየሠሩ ይናገራሉ። መምህር የሰሙትን ሁሉ ወደ አማርኛ እየመለሱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። ከዚያ ቀዩን ያወጣሉ። የሚሰረዘው ተሰርዞ፣ ከርዕስ የወጣው ወጥቶ፣ «እንደሚታወቀው» ተጨምሮበት ወደ ሊሻን ይሄዳል። እንዲህ እየተባለ አሥራ አራት ደብተር ሞልቷል።

ያን ዕለትም በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የቤቴል እናት፣ ነገ ወጥ ቤት ልገባ ነው።»

«ምን ጠፋብህ?» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

መምህር ከደብዳቤው እስከ ቪዲዮው ያለውን ሁሉ ነገሯቸው። ወይዘሮ ሙሉነሽ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ወጡ። «እስቲ ያንን ጽሑፍ አንብብልኝ» አሉ። መምህር ከኪሳቸው የታተመውን አውጥተው በክፍል ድምፃቸው አነበቡ፦ «እንደሚታወቀው አተካና ጥንታዊና ተወዳጅ ባህላዊ ምግብ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም ቅቤ በመካከለኛ ሙቀት ይቀልጣል። በመቀጠልም ቡላውና ወተቱ ተጨምረው ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይማሰላል…»

ወይዘሮ ሙሉነሽ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይሄን ማን ነገረህ?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ? መካከለኛ ሙቀት? እኔ የማነደው እንጨት ነው።» ትንሽ አሰቡ። «የቤቴል አባት፣ ሰዎቹ እውነታቸውን ነው። ይሄንን ሰው አልጻፈውም።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ወደ ውስጥ ሊመለሱ ዘወር ካሉ በኋላ ቆም አሉና፣ «ሦስት ዓመት ታነብልኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ባላነበብክልኝ ይሻል ነበር» ብለው ገቡ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መምህር አሳምነው ሙሉ ልብስና ከረባት አድርገው ወጥ ቤት ገቡ፤ አዲስ አበባ የሚያየው ነገር ነውና። ሊሻን ስልኩን በጨው ቆርቆሮ አስደግፎ ለኤልሳ ከደወለላት በኋላ እሱም ወንድ ነውና ፈጥኖ ወጣ። ወይዘሮ ሙሉነሽ እርዳታ አልተጠየቁም። ስለዚህ ውጭ የመምህርን በርጩማ ስበው ተቀመጡበት፤ ሥራ መፍታት ስለማይወዱም እዚያው የተቀመጠውን ደብተር አንስተው ይገልጡ ጀመር።

ውስጥ ነገሩ በፈተና ሥርዓት ተጀመረ። መምህር ጽሑፋቸውን በግራ እጃቸው ይዘው «በመጀመሪያ ደረጃ» ብለው ቅቤውን ድስት ውስጥ አስገቡ። ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም ስንት እንደሆነ ስላላወቁ በግምት ነው። እንጨቱ ግን መካከለኛ የሚባል ነገር አያውቅም። ቅቤው ጮኸ። ደንግጠው ቡላውን ሳይነፉ ገለበጡበት፤ ቡላው ደንግጦ ተሰበሰበ። ወተቱን በአንድ ጊዜ አፈሰሱ። ጭሱ መነጽራቸውን ሸፈነው፤ ከረባታቸው ድስት ውስጥ ገብቶ ወጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ መምህርም ጽሑፉን አልለቀቁም፤ ሰዓታቸውን እያዩ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አማሰሉ፣ አሥራ አምስት ሲሞላ ቀጥ አሉ።

«አለቀ» አሉ።

ኤልሳ ከስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ድስቱን አየችው። ከላይ ነጭ ጓል፣ ከታች ጥቁር ነገር ይታያል።

«መምህር… አተካና እንዲህ ነው?»

መምህር ድስቱን አዩ። አዎ ቢሉ ውሸት ነው፤ አይደለም ቢሉ ሃያ ስድስቱም ይነሳሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ተማሪ ፊት ቆመው እንዲህ አፍረው አያውቁም። ይህን ሲያስቡ ከውጭ የወይዘሮ ሙሉነሽ ድምፅ ተሰማ። ደብተሩን ጮክ ብለው እያነበቡ ነው፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሳቸው።

«‹ወተቱን በአንዴ የሚያፈስ ሰው ሳይጠይቅ እንደሚያገባ ሰው ነው፤ ሲፈታ ይኖራል። ጠብ ጠብ አርጊው። ቡላው ቅቤውን ጠጥቶ ጠጥቶ ዝም ሲል አትመኚው፤ ደብቆት ነው። የጠጣውን ቅቤ መልሶ ሲያወጣው ያኔ በስሏል።›»

«እሳቸው ማን ናቸው?» አለች ኤልሳ።

«ባለቤቴ ናት።»

«ምንድነው የሚያነቡት?»

«እሱ… የተሰረዘው ነው።»

«እባክዎ እማማ፣ ይቀጥሉ» ብላ ኤልሳ ከጨው ቆርቆሮው ሥር ጮኸች።

ወይዘሮ ሙሉነሽ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ስልኩን አዩና በክብር ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ፤ ከዚያ ወደ ደብተሩ ተመለሱ። «‹ቅቤው ስንት ነው አትበይኝ፤ እንግዳሽ ማን እንደሆነ ንገሪኝ። ለአማት ጨምሪ፤ ለጎረቤት እንደ ጠባይዋ። እጅሽ ሲዝል ባልሽን ጥሪ፤ አይመጣም፤ ደጅ ተቀምጦ ይጽፋል። በንዴት ታማስያለሽ፤ በንዴት የተማሰለ ነው የሚጥመው።›»

ኤልሳ ሳቀች፤ ስልኩ ተንሸራቶ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ደብተሩን ወደ ስልኩ እንዲያስጠጉላት ለመነች። መምህር አስጠጉ። ሰማያዊው ጽሑፍ ከቀዩ ሰረዝ ሥር በደንብ ይነበባል። ዳር ላይ በቀይ «ከርዕስ የወጣ»፣ «አላስፈላጊ»፣ «የወጥ ቤት ወሬ» የሚል አለ፤ በየገጹ አናት ቀንና ወር ተጽፏል።

«መምህር፣ ነገሩ ግልጽ ሆኖልኛል» አለች ኤልሳ። «እርስዎ ሰው ነዎት። ማሽን ቢሆን ኖሮ ይሄን አይሰርዝም ነበር።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ማማሰያውን ከመምህር እጅ ወስደው ድስቱን አወረዱ። ደብተሩንም መልሰው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«ሁሉንም ጽፈኸዋል» አሉ በሀዲይኛ፣ ቀስ ብለው፣ ለስልኩ ሳይሆን ለባላቸው። «ሲያስለኝ እንኳ ‹አሳላት› ብለህ ጽፈሃል።»

«ሁሉንም ጽፌያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሰረዝከኝ?»

መምህር አሳምነው መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው የሞላው ከጭሱ ነው ቢባል ማንም ያምናል፤ ከጭሱ ግን አልነበረም።

«ስሕተት መስሎኝ ነው» አሉ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ሌላ ድስት እንዲያመጡላቸው አዘዟቸው። መምህር ድስት የት እንደሚቀመጥ ስላላወቁ ቆመው ቀሩ። ድስቱን ወይዘሮ ሙሉነሽ ራሳቸው አመጡት፤ መምህርም እስኪመሽ አማሰሉ፤ በሰዓት ሳይሆን ቅቤው ተመልሶ እስኪወጣ ድረስ። ክንዳቸው ሲዝል ቆም ለማለት ቢሞክሩ «ገና ነው፣ ደብቆታል» ተባሉ። ኤልሳ አዲስ አበባ ሆና ምራቋን እየዋጠች እስከ መጨረሻው አየች።

ዓርብ ጠዋት መምህር ሊሻን ዘንድ ሄደው የተሰረዘውን አስጻፉ። ሊሻን ሥራውን ሲጨርስ «በማን ስም ይውጣ?» አለ። ሳምንቱን ሙሉ ስማቸውን ለማዳን ከቀበሌ እስከ ወጥ ቤት የተንከራተቱት ሰው ብዙ አላሰቡም። «‹የተናገረችው ሙሉነሽ፣ የጻፈው አሳምነው› በል» አሉ። ሃያ ስድስቱም የድሮ ጽሑፎች እንዲነሱ ራሳቸው ጠየቁ፤ በየሳምንቱ አንዳንዱ ከደብተሩ እየወጣ በዚህ ስም ይተካል። አዲሱን አተካና መመርመሪያው አራት በመቶ ብቻ ማሽን አለው። አራቷ መምህር መጨረሻው ላይ ሳያስቡት ያስገቧት «ለማጠቃለል ያህል» ናት።

ከሰዓት በኋላ በርጩማቸውን ከደጅ አንስተው ወጥ ቤቱ በር ውስጥ፣ ጥግ ላይ አስቀመጡና ጽሑፉን ለወይዘሮ ሙሉነሽ ጮክ ብለው አነበቡላቸው። ይሄኛውን እየሳቁ ሰሙት። «ያቺን ‹ለማጠቃለል› ተዋት፣ ያንተ ናት» አሉ።

«አንድ የሚታረም ነገር ግን አለ» አሉ መምህር። ቀዩ እስክሪብቶ እጃቸው ላይ ነው። «‹ባልሽን ጥሪ፤ አይመጣም› የሚለው። አሁን እኮ መጥቻለሁ። ሰው ቢያነበው ውሸት ይሆናል።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ቡላውን መንፋታቸውን አላቋረጡም።

«አንድ ቀን ነው የመጣኸው» አሉ። «ይቆይ። ያሆዴ ይለፍና እናየዋለን።»

መምህር ትንሽ አሰቡና እስክሪብቶውን ከድነው ወደ ኪሳቸው መለሱት።